«መለያ»፣ «መታወቂያ» እና «ምድብ»፦ በድረ ገጽ ዝርዝሮች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስ የተባለ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣ ጀምሮ፣ አንድን ዝርዝር ቀለምና ቅርጽ ለማልበስ የሚሻ ሰው ሁለት መጥሪያዎች አሉት፤ እነርሱም አይዲ እና ክላስ ናቸው። የመጀመሪያው በአንድ ገጽ ውስጥ ለአንድ ነገር ብቻ ሲሰጥ፣ ሁለተኛው ለብዙ ነገሮች በጋራ ይሰጣል፤ አንድ ነገርም ከአንድ በላይ ክላስ ሊኖረው ይችላል። ተርጓሚው የሚፈተነው ይህን ልዩነት በአማርኛ ጠብቆ በማቆየት ነው።

አይዲን «መለያ» ማለትን እኛ አንቀበለውም። መለያ በአማርኛ የግልም የጋራም ነው፤ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች በሙሉ የሚለብሱት ልብስ መለያ ይባላል፤ ይህም በትክክል የክላስ ጠባይ ነው። በዚህ ቃል የተማረ ሰው ለአሥር የዝርዝር ነጥቦች አንድ አይዲ ቢሰጥ አያስደንቅም። ስሕተቱም ቶሎ አይታወቅም፤ ማሰሻው አሥሩንም በአንድ ቀለም አስውቦ ያሳያልና። ጉዳቱ የሚገለጸው ጃቫስክሪፕት ነጥቡን በአይዲው ሲፈልግ የመጀመሪያውን ብቻ አግኝቶ ዘጠኙን በተወ ጊዜ ነው። ስለዚህ «መታወቂያ» ይሻላል እንላለን፤ አንድ መታወቂያ ለሁለት ሰው አይሰጥምና።

ወሰኑን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለ አንድ ቤት ቁጥሩ በወረዳው ውስጥ የእርሱ ብቻ ነው፤ በሌላ ወረዳ ግን ያው ቁጥር በሌላ ቤት ላይ ሊገኝ ይችላል። አይዲም እንዲሁ ከገጹ አጥር አያልፍም። «ፈረንሳይ» የሚለው ስም ግን የሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ነው። (ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ሰፈሩ የድሮውን ስም አልጣለም። ክላሱን «ቀይ» ብሎ ሰይሞ ኋላ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ የለወጠ ሰው የሚደርስበት ይኸው ነው።)

የክላስ ስያሜ የበለጠ ያከራክራል። «መደብ» ለሰዋስው ምሁር አንደኛና ሁለተኛ መደብ ነው፤ ለፖለቲካው ሰው የኅብረተሰብ መደብ፣ ለባላገሩ ደግሞ የጭቃ መቀመጫ ነው። «ክፍል» የአንድ ሙሉ ነገር ቁራጭ ስለሚመስል፣ አንድ ነጥብ በሁለት ክፍል መገኘቱን ለማስረዳት ያስቸግራል። «ምድብ» ግን «መደበ» ከሚለው ግሥ ወጥቶ የመዳቢውን ሥራ ያሳያል፤ ክላስን የሚሰጠው የገጹ ጸሐፊ ነውና። በእግር ኳስ አንድ ቡድን ከአንድ ምድብ በላይ የለውም የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል፤ ጉድለቱን ሳንክድ ቃሉን እንመርጣለን።

መታወቂያና ምድብ በአንድ ነጥብ ላይ ሲጋጩ፣ ምድቦቹ አሥርም ቢሆኑ በተለመደው ሕግ መታወቂያው ይረታል። ይህን ብልጫ «ቅድሚያ» ማለት በቂ ይመስለናል።