ምላጭ ያለው ዓይን

ከደሴ የተነሣ የመድኃኒት መኪና ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን አልፎ ወልድያ ይገባል። ካርቶን ሲራገፍ ወጉ የታወቀ ነው፤ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ቢን ካርድ። አሁን በዚህ ወግ ላይ አንዲት ባለ ነጠብጣብ ካሬ ተጨምራለች። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒትን ጉዞ ለመከታተል የመረጠው ዓለም አቀፉን የጂኤስ1 ኮድ ነውና። ስለዚህ ሥርዓት ሲወራ ሶፍትዌሩ ብዙ ይነሣለታል፤ ካሬዋንና የሚያነባትን የእጅ ስካነር ግን ልብ ብሎ ያያቸው ጥቂት ነው። የሥራው ጥበብ ያለው ደግሞ እነሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ካሬዋን እንይ። ከጣት ጥፍር አትበልጥም። ግራና ታችኛው ጠርዟ ያልተቋረጠ ጥቁር መስመር ነው፤ ስካነሩ ያንን ማዕዘን ሲያገኝ ካሬዋ ወዴት እንደዞረች ያውቃል፤ ሣጥኑ ተገልብጦ ቢቀመጥም ግድ የለውም። ሌሎቹ ሁለት ጠርዞች ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቁ ውስጧ ስንት ረድፍ እንዳለ ያስቆጥራሉ። ውስጧ የተጻፈው ሥርዓት አለው፦ ከ01 ቀጥሎ 14 አሃዝ የምርቱ መለያ፣ ከ17 ቀጥሎ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን፣ ከ10 ቀጥሎ የባች ቁጥር፣ ከ21 ቀጥሎ የዚያችው የአንዷ ሣጥን መለያ። ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ ይውጣ የሚለውን የመጋዘን ሕግ ለማስከበር ባለሙያው ደቃቅ ቀን በዓይኑ መልቀም አይኖርበትም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቻይነቷ ነው። አቧራ ውስጧን ቢፍቀው፣ ከፊሏ ቢጠፋ እንኳ ብዙ ጊዜ ትነበባለች። ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን በ1960 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስሌት የጎደለውን ከቀረው ያሰላል። የቮየጀር መንኩራኩሮች ከሩቅ ፕላኔቶች የላኩትን ምስል ያዳነው የስሌት ዘር ዛሬ በፓራሲታሞል ሣጥን ጎን ተቀምጧል።

አንባቢው መሣሪያስ? ጥሩው ዓይነት የተሠራው ሥራ ለያዘ እጅ ነው። እጀታው በመዳፍ ሙሉ ይያዛል፤ ምላጩ ሌባ ጣት በምታርፍበት ቦታ ነው፤ ሌላው እጅ ካርቶን እንደደገፈ ይቆያል። ከፊቱ የምትወጣው ቀይ የብርሃን ነጥብ ከብዙ ኮዶች መካከል የትኛው እንደሚነበብ ቀድማ ታሳያለች። ሲያነብ ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ በድምፅ፣ በመብራት፣ በንዝረት። ይህ ማብዛት አይደለም፤ የአይሱዙ ሞተር በሚያጓራበት ግቢ ድምፅ አይሰማም፣ በቀትር ፀሐይ መብራት አይታይም፣ ንዝረት ግን እጅ ውስጥ ነው።

መውደቁም ታስቦበታል። መስታወቱ ከጠርዙ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ መሬት ሲመታ ቀድሞ የሚነካው የጠርዙ ላስቲክ ነው። ደህና አምራቾች ከ1.5 ሜትር ከፍታ ኮንክሪት ላይ ደጋግመው ይጥሉታል፤ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከትተውም መቶዎች ጊዜ ያንከባልሉታል። አይፒ65 በሚለው ምልክት ውስጥ 6ቱ አቧራ እንደማያስገባ፣ 5ቱ በግፊት የሚረጭ ውኃ እንደማይጎዳው ይመሰክራሉ። በአንዳንዶቹ ባትሪው ሲቀየር እንኳ የተጀመረው ቆጠራ አይጠፋም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ስልክም ኮድ ያነባል፤ እውነት ነው። ለአሥር ሣጥን ይበቃል። ለአንድ መኪና ጭነት ግን ካሜራው እስኪያጠራ መጠበቅ፣ ስክሪን መንካት፣ ላብ ባለው ጣት መታገል ሠራተኛውን ያደክመዋል። ለእኔ ልዩነቱ እንደ ጩቤና እንደ ማጭድ ነው፤ ሁለቱም ይቆርጣሉ፣ አዝመራ የሚሰበሰበው ግን በአንዱ ነው።

ስለዚህ ለጤና ተቋማት ዕቃ የምትገዙ፣ ጨረታው ላይ “ስካነር” ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የሚችለውን የመውደቅ ከፍታ፣ የአቧራ መከላከያውን ደረጃና ተነቅሎ የሚቀየር ባትሪን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለእያንዳንዱም ትርፍ ባትሪ ጨምሩ።