ድንጋዩ ሲደክም የተቀዳ ድምፅ

የአሮጌ ዎክማን የጀርባ ክዳን ሲከፈት መጀመሪያ የምፈልገው ቺንጋውን ነው። ብዙ ጊዜ አላገኘውም። ላስቲኩ ሟሙቶ እንደ ሬንጅ መዘውሩ ላይ ይለጠፋል፤ የነካው ጣት ለሁለት ቀን ጥቁር ሆኖ ይሰነብታል። በአልኮል በራሰ የጆሮ ጥጥ እሱን ጠርጎ ለመጨረስ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ጊዜ አለ።

የምኖርባት ሃይፋ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ዕቃ ምሕረት የላትም። የባሕሩ እርጥበት ብሎኑን ያዝጋል፣ የካሴቱ ክር ላይ ነጭ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታውን ሳያጸዱ ያጫወቱት እንደሆነ ድምፅ አንባቢው ሄድ ላይ ይቀርና ቀጥሎ ለሚገባው ካሴት ይተርፋል።

ዎክማኖቹን የምለቅመው ዋዲ ሳሊብ ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ገበያው የሚደምቀው በሰንበት ነው፤ እናቴ ግን በሰንበት የተገዛ ዕቃ ቤቷ አታስገባም። ስለዚህ በሌላ ቀን ሄጄ የተረፈውን እፈትሻለሁ። የባትሪ ድንጋይ ይዤ ስለምሄድ እዚያው እሞክረዋለሁ፦ ሞተሩ እየጮኸ ካሴቱ ካልዞረ ጣጣው የቺንጋ ነው፣ እገዛዋለሁ። ሞተሩም ዝም ካለ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ለገበያ ያቀረበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጃፓን ማምረቱን ማቆሙን ያስታወቀው ደግሞ በ2010። ለአብዛኛው ሞዴል ዋናውን ቺንጋ ማግኘት ስለማይታሰብ በልክ መግዛት ግድ ነው። ልኩን በስፌት ክር እወስዳለሁ፦ ቺንጋው በሚያልፍበት መንገድ ክሩን አዙሬ እለካና ከመቶ አምስት ያህል እቀንሳለሁ። ከላላ ድምፁ ይጎተታል። ከጠበቀ ሞተሩ ያቃስታል፣ ድንጋይም ይጨርሳል። መጀመሪያ ሰሞን ጠበቅ ያለ ይሻላል እያልኩ ሁለት ሞተር አቃጥያለሁ።

ከዚያ ፍጥነቱ ይስተካከላል። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ይህን የምፈትሽበት 3,150 ኸርዝ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት አለኝ፤ ቁጥሩን ስልኬ ላይ እያየሁ ትንሿን ማስተካከያ በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በጥቂቱ አዞራለሁ።

ለእናቴ የሠራሁት ዎክማን በዚህ ሁሉ አልፎ ነበር። የጥላሁን ገሠሠን ካሴት ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ ጥላሁን ራሱ ነው። ቀጥላ የአጎቴን ካሴት አስገባች።

እናቴ በ1991 እ.ኤ.አ. በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ የመጣች ናት። ታላቅ ወንድሟ ጎንደር ቀረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሰው እጅ ደብዳቤ ላከ፤ በወረቀት ሳይሆን በካሴት፣ ባለ 60 ደቂቃ። ያን ካሴት ቤት ያለው ቴፕ አንዴ በልቶት በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥነን አትርፈነዋል።

ትንሽ ሰማችና ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። «ይሄ ጋሼ አይደለም። ልጅ አስመስለኸዋል።»

«እማ፣ ለክቼዋለሁ። ልክ ነው።»

«ለጥላሁን ይሆናል ልክ።»

እኔም ሰማሁት። እውነቷን ነው፤ ድምፁ ቀጥኗል፣ ይቸኩላል። ካሴቱ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ባሰበት። ሲገባኝ ሳቄ መጣ፦ አጎቴ ሲቀዳ የመቅረጫው ድንጋይ እየደከመ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ክሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ የተቀዳው በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል። የኔ ዎክማን ልክ በሆነ መጠን አጎቴ ይሳሳታል ማለት ነው።

ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ማስተካከል እችል ነበር። እሷ ግን የምትፈልገው ኪሷ የሚገባውን፣ አዝራሩን በጣቷ የምታውቀውን ነው። ስለዚህ የዎክማኑን የውስጥ ማስተካከያ አውጥቼ በቦታዋ ከውጭ በአውራ ጣት የምትዞር ትንሽ ቁልፍ አሰርኩላት፤ ለሽቦው መውጫ ክዳኑን በጋለ መርፌ በሳሁት። መልኩ ተበላሽቷል፤ ሰብሳቢዎች ቢያዩት ያዝናሉ። ልክ የሆነው ፍጥነት ላይ በቀይ ቀለም ነጥብ አድርጌ ነበር፤ አሁን በጣቷ ተፍቆ ጠፍቷል።

ጠዋት ቡና ስታፈላ ታደምጠዋለች። አጎቴ ስለ ከብቶቹና ስለ ዝናቡ ይናገራል፣ የዘመዱን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ጤና ይጠይቃል። ድምፁ መቅጠን ሲጀምር እሷ ሳታይ ቁልፏን ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ ትንሽ ቆይታ እንደገና። በመሃል «ደህና ነን ጋሼ» ትለዋለች፣ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ስለሆነ ጮክ ብላ።