የአያክስ ተረከዝ

በቫቲካን ሙዚየም ካሉት የግሪክ ሸክላዎች መካከል ቁመቱ 61 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ጆሮ ገንቦ አለ። ሆዱ ላይ ሁለት ጢማም ጦረኞች ፊት ለፊት ተቀምጠው ጨዋታ ይዘዋል። ካባ ደርበዋል፤ ጎንበስ ብለው በመሐላቸው ያለችውን ዝቅተኛ ሰሌዳ ያያሉ፤ ሁለት ሁለት ጦራቸውን ግን ከእጃቸው አላወጡም። የግራው የትሮይ ጦርነት ጀግና አኪሌስ ነው፤ የራስ ቁሩን እንዳጠለቀ ነው። የቀኙ የጦር ባልደረባው አያክስ ነው፤ የራስ ቁሩን አውልቆ ከኋላው ከጋሻው ላይ አኑሮታል። ከአኪሌስ አፍ «አራት»፣ ከአያክስ አፍ «ሦስት» የሚሉ ቃላት በጥቃቅን የግሪክ ፊደላት ይወጣሉ። ማን እየመራ እንደሆነ ሌላ ምስክር አያሻም።

አሁን ዓይንዎን ወደ ታች ያውርዱ። የአያክስ ተረከዝ ከመሬት ብድግ ብሏል፤ ጥቂት ነው፣ ግን ብድግ ብሏል። ፊቱ አልተቆጣም፣ እጁ አልተወራጨም፤ የሚሸነፍ ሰው ጭንቀት በሙሉ እዚያች ተረከዝ ላይ አርፏል። ከዚህ ቆጠብ ብሎ ይህን ያህል የተናገረ ሥዕል ብዙ አላውቅም።

የሠራው ኤክሴኪያስ የተባለ አቴናዊ ነው፤ ጊዜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ540 እስከ 530 ገደማ። በገንቦው አፍ ዙሪያ «ኤክሴኪያስ ሣለኝ፣ ሠራኝም» የሚል ትርጉም ያለው ፊርማ አኑሯል። ሁለቱንም ሥራ የእኔ ነው ብሎ የፈረመባቸው ዕቃዎች እስካሁን የሚታወቁት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በርሊን ይገኛል። ሸክላውን በመንኮራኩር ላይ ያወጣውና ሥዕሉን የሣለው አንድ ሰው መሆኑ ደግሞ በዓይን ይታያል። የሁለቱ ጦረኞች ጎባጣ ጀርባ የገንቦውን ጉንጭ ተከትሎ ይታጠፋል። ጦሮቹ ሽቅብ ሲታዩ ወደ ጆሮዎቹ ያመራሉ፤ ቁልቁል ሲከተሏቸው ዓይንን መልሰው ከጨዋታው ላይ ይጥሉታል።

ካባዎቹን ለማየት ግን መስታወቱን በአፍንጫ እስኪነኩ መጠጋት ያስፈልጋል። ከክት ልብስ ጥለት ባልተናነሰ ጥበብ ኮከብ፣ አበባ፣ ጥምዝና ሰንበር ተደርድሮባቸዋል። ይህ ሁሉ በብሩሽ የተሣለ አይደለም። ሠዓሊው በመጀመሪያ የሰውየውን ቅርጽ እንደ ጥላ በሙሉ ቀብቶ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በሹል ነገር ቅቡን እየጫረ ከሥር ያለውን ሸክላ ያወጣል። የጢሙ ፀጉር፣ የዓይኑ ሽፋን፣ የጣት ጥፍር የተገኘው እየተጫረ ነው። ብሩሽ ከሳተ ይጠረግ ይሆናል፤ ጭረት ግን ጠባሳ ነው። ኤክሴኪያስ በሺዎች በሚቆጠሩ ጭረቶች መካከል እጁ ሲያመነታ አይታይም።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ደግሞ ውጤቱ አይታየውም ነበር። ዛሬ ከብርቱካናማው ገላ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ጥቁር፣ ሲቀባ ጥቁር አልነበረም። ዘመናዊ ሰዎች የጠፋ የቅብ ምሥጢር ሲፈልጉለት ቆይተዋል፤ ነገሩን ግልጽ አድርጎ ያሳየው ቴዎዶር ሹማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቁሩ ገንቦው የተሠራበት ዓይነት፣ ብረት የበዛበት ሸክላ አፈር ነው። አፈሩ በውሃ ይበጠበጣል፣ አሸዋውና ሻካራው ይዘቅጣል፣ ከላይ ተንሳፍፎ የሚቀረው ልም ጭቃ ይሰበሰባል። ይህ በደረቀው ገንቦ ላይ ሲቀባ ከሥሩ ካለው አፈር በቀለም እምብዛም አይለይም። ሠዓሊው ቡኒ በቡኒ ላይ ነበር የሚሠራው ማለት ነው።

የቀረውን እሳት ይጨርሰዋል። መጀመሪያ እቶኑ አየር እየገባለት ይነድዳል፤ ሁሉም ይቀላል። ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሲደርስ የአየሩ ቀዳዳ ይደፈናል፣ እርጥብ እንጨት ይጨመራል። ኦክስጅን ያጣ እሳት ከአፈሩ ውስጥ ካለው የብረት ኦክሳይድ ላይ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፤ ገንቦው ከአፍ እስከ እግሩ ይጠቁራል። በዚህ ሰዓት የተቀባው ልም ጭቃ ለመቅለጥ ይቀርባል፣ የራሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ይደፈናሉ። በመጨረሻ እቶኑ ተከፍቶ አየር ሲመለስ፣ ባለ ቀዳዳው ገላ ኦክስጅኑን ምጎ ዳግም ይቀላል፤ የተደፈነው ቅብ ግን እንደጠቆረ ይቀራል። ይህ ሁሉ በአንድ እሳት ይሁን ወይስ በተደጋጋሚ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች እየተከራከሩበት ነው። የእቶኑ ቀዳዳ ትንሽ ዘግይቶ ከተከፈተ፣ ወይም ሙቀቱ ከልክ ካለፈ፣ የሳምንታት ጭረት ገደል ይገባል። ከኤክሴኪያስ ዘመን ቀደም ብለው የነበሩ የአቴንስ ሸክላ ሠሪዎች እሳቱን የሚፈትሹባቸው፣ በመንጠቆ እንዲሳቡ የተበሱ የሸክላ ስባሪዎች በከተማይቱ ቁፋሮ ተገኝተዋል።

ፊርማ የሌላቸውን ሥራዎች ለባለቤታቸው የሰጡት በአብዛኛው የኦክስፎርዱ ምሁር ጆን ቢዝሊ ናቸው። ሠዓሊ ሳያስብ የሚደጋግመውን ነገር፣ የጆሮን ጥምዝ፣ የቁርጭምጭሚትን መስመር እየለቀሙ ስም የለሹን እጅ ይለዩ ነበር። በሰሜን ፈረንሳይ ቡሎኝ ሱር ሜር ያለውን ገንቦ ለኤክሴኪያስ የሚሰጡት በዚህ መንገድ ነው። እዚያ ላይ ያው አያክስ ብቻውን ነው። አኪሌስ ሞቷል፤ የአኪሌስ የጦር ዕቃ ለሌላው የግሪክ ጀግና ለኦዲሴዎስ ተሰጥቷል፤ አያክስ ውርደቱን ስላልቻለ ራሱን ሊያጠፋ ነው። ሌሎች ሠዓሊዎች ሰይፉ ገላው ውስጥ ገብቶ ያሳያሉ። ኤክሴኪያስ ከዚያ በፊት ያለውን መረጠ፦ አያክስ ቁጢጥ ብሎ ሰይፉን በአፈር ይተክላል፣ አፈሩን በእጁ ይደለድላል፣ ግንባሩ ላይ የተጫሩት ሽብሽቦች ይታያሉ። ሥራውን እንደሚያጠናቅቅ ባለሙያ ነው የሚጠነቀቀው፤ የሚዘገንነውም ያ ነው።

  

የጨዋታው ሥዕል ወዲያው ተወደደ፤ ከመቶ በላይ የሸክላ ዕቃዎች ላይ ተደግሟል። ከሁሉ የሚገርመው ቦስተን ያለው ነው፤ ያው ጨዋታ በአንድ ወገን በጥቁር፣ በሌላው በቀይ ተሥሏል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ525 ገደማ አቴናውያን አሠራሩን ገልብጠው ነበር፦ ዙሪያውን አጥቁረው ሰውየውን በሸክላው ቀለም ይተዉታል፣ ዝርዝሩን በብሩሽ ይሥሉታል። ለሠዓሊው ነፃነት ነው፤ መስመሩ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ጡንቻ ይታጠፋል፣ አካል ዞር ይላል። የግሪክ ሥዕል ወደፊት የሄደውም በዚህ ነው። እኔ ግን ቦስተን ላይ ሁለቱን ወገን ሳወዳድር ጥቁሩን እመርጣለሁ። ብሩሽ ሐሳቡን መቀየር ይችላል፤ የተጫረ መስመር ግን ከመጀመሪያው ሚሊ ሜትር ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነበረበት።