ስህተትን ማንበብ

«2² ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ ያወጣ መምህር ከመልሱ ስለ ተማሪዎቹ የሚያውቀው ነገር የለም። ስኩዌር ማለት ቁጥሩን በራሱ ማባዛት መሆኑ የገባው ልጅ 4 ብሎ ይጽፋል። ከላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር ከታችኛዋ ጋር የሚያባዛውም 4 ይጽፋል። ሁለቱን የሚደምረው እንኳ 4 ይጽፋል። ሦስቱም እኩል ማርክ ያገኛሉ፤ መምህሩም ክፍሉ ገብቶታል ብሎ ወደ ቀጣዩ ርዕስ ያልፋል። ጥያቄው 3² ቢሆን ኖሮ አንዱ 9፣ ሌላው 6፣ ሦስተኛው 5 ይጽፉ ነበር። አንድ አኃዝ በመቀየሩ ብቻ ሦስቱ ልጆች ይለያሉ።

ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩት በአብዛኛው ከ60 በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ነው። በ40 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱን ልጅ ቀርቦ «የቱ ጋ ጠፋህ?» ማለት አይቻልም። እኔን ወክሎ ልጁን የሚያነጋግረው ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጥያቄ ማውጣት ከማስረዳት እኩል ጊዜና ሐሳብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በተግባር የምናየው ግን ሌላ ነው። «ነገ ጠዋት ፈተና አስረክቡ» ከተባለ በኋላ የአምናው ወረቀት ይወጣል፣ ጥቂት ቁጥሮች ይቀያየራሉ፣ ይባዛል።

ጥያቄን እንዲህ አስቦ መቅረጽ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ያውቀዋል። ሕፃኑ ገበታውን ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምሮ በዜማ ይወርደዋል፤ ስንጥሩ ሌላ ፊደል ላይ ቢያርፍም ምላሱ የለመደችውን ተራ ተከትላ ትሄዳለች። ሰሚ ልጁ ማንበብ የቻለ ይመስለዋል። ቀጥሎ ግን አቡጊዳ ይመጣል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የፊደሉም ተራ የድምፁም ተራ ተለዋውጧል፤ በቃሉ የሸመደደው ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል፣ ቅርጹን የለየው ይቀጥላል። የኔታ ማርክ አይመዘግቡም፤ ነገር ግን ልጁ የቆመባትን ፊደል ስለሚያውቋት ነገ ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ። ይህን የመሰለ የጠራ ዘዴ በቤታችን እያለ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ፈተናችን ሽምደዳን የሚሸልም ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

አስርዮሽን እንውሰድ። «ከትንሽ ወደ ትልቅ አስቀምጡ፦ 0.5፣ 0.35፣ 0.125» የሚል ጥያቄ የተለመደ ነው። ትክክለኛው መልስ 0.125፣ 0.35፣ 0.5 ነው። ከነጥብ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር የሚያነብ ልጅ፣ 125 ከ35፣ 35 ደግሞ ከ5 ስለሚበልጥበት፣ ተራውን ገልብጦ ይጽፋል፤ እሱን ጥያቄው ይይዘዋል። የማይይዘው ልጅ ግን አለ። አንዳንዱ ተማሪ አስረኛና መቶኛ ሲማር ከራሱ ጋር መክሮ «ከነጥብ በኋላ አኃዝ በበዛ ቁጥር ዋጋው ያንሳል» የሚል ሕግ ያወጣል። መቶኛ ከአስረኛ ያንሳልና ሕጉ ምክንያት የሌለው አይደለም። ይህ ልጅ በተሳሳተ ሕጉ ትክክለኛውን መልስ ያገኛል፤ መምህሩም «ራይት» ይሰጠዋል። ስህተቱን ፈርመን አጸደቅንለት ማለት ነው።

አሁን ቁጥሮቹን 0.4፣ 0.35 እና 0.375 እናድርጋቸው። የገባው ልጅ 0.35፣ 0.375፣ 0.4 ብሎ ያስቀምጣል። እንደ ሙሉ ቁጥር የሚያነበው 0.4፣ 0.35፣ 0.375 ይላል። «ረጅሙ ያንሳል» የሚለው ደግሞ 0.375፣ 0.35፣ 0.4 ይላል። ሦስት አስተሳሰብ፣ ሦስት የተለያየ መልስ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ በሦስት ክምር ስለያቸው፣ ለነገው ክፍለ ጊዜ ማንን ከማን ጋር እንደማስቀምጥና ለየትኛው ክምር ምን እንደምል በእጄ ነው። ማርክ መስጠት እንኳ አያስፈልገኝም።

ምርጫ ጥያቄ በዚህ ረገድ ስሙ የጠፋ ነው፤ ለኩረጃ ይመቻል፣ ለግምትም በር ይከፍታል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሆኖም ከ60 በላይ ወረቀት የሚያርም መምህር ምርጫን ጨርሶ መተው አይችልም፤ የተማሪውን ቀጣይ ዕድል የሚወስነው ብሔራዊ ፈተናም በምርጫ ነው። የሚሻለው በአግባቡ መሥራት ነው። −5 + 3 ስንት ነው ብለን ስንጠይቅ ትክክለኛውን −2 ጽፈን የቀሩትን ቦታዎች በመጣልን ቁጥር ብንሞላ ሦስት ምርጫ ባከነ። −8፣ 2 እና 8 ብናደርጋቸው ግን እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። −8ን የመረጠ ልጅ ቁጥሮቹን ደምሮ የኔጋቲቭ ምልክቱን ዝም ብሎ አስቀጥሏል። 2 ያለው መቀነሱን አውቋል፣ ምልክቱን ረስቷል። 8 ያለው ምልክቱን ከነጭራሹ አላየውም። ከፈተና በኋላ ብዙ ተማሪ የሳተውን አንድ ጥያቄ ብቻ ወስዶ «ሀ ስንት፣ ለ ስንት፣ ሐ ስንት፣ መ ስንት» እያሉ በጭረት መቁጠር በእረፍት ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። ግማሹ ክፍል አንድ ዓይነት የተሳሳተ ምርጫ ላይ ከተገኘ ጥፋቱ የልጆቹ ስንፍና አይደለም፤ ያ ትምህርት ተመልሶ መሰጠት አለበት።

ወረቀት ብቻውን የማይደርስበት ቦታም አለ። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብላ ጻፈች። ክፍልፋይ የሚያስተምር ሁሉ ይህን ስህተት በየዓመቱ ያገኘዋል። ጠርቼ እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደመርኩ።»

«ማን እንዲህ ይደመራል አለሽ?»

«እርስዎ ማርክ ሲደምሩልን እንደዚያ ነው። ቴስት ከ10 ስምንት፣ ሚድ ከ20 አሥራ አምስት ካገኘሁ፣ ከ30 ሃያ ሦስት ይሉኛል።»

ልክ ነበረች። 8/10 እና 15/20 ተደምሮ 23/30 ሲባል በየካርዱ ታያለች። የሁለት ፈተና ውጤት ማዋሃድና ሁለት ክፍልፋዮችን መደመር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንም አልነገራትም። «እሺ፣ 2/5 ከ1/2 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኳት። ደብተሯ ላይ ሥዕል ሠርታ ጥቂት አሰበች። «ያንሳል» አለችና ወዲያው «ታዲያ ተደምሮበት እንዴት አነሰ?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ከዚያ በኋላ የጋራ ታሕት ለምን እንደሚፈለግ ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም። በኤክስ ምልክት ብቻ አልፌያት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር። ልጆች ሲሳሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት ይዘው ነው፤ ምክንያቱን ያገኘ መምህር ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ስለ እርማትም ጥቂት ልበል። አንድን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አርሞ ወደሚቀጥለው መሄድ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን የሁሉንም ተማሪ 1ኛ ጥያቄ አርሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወደ 2ኛው የማልፈው። እንዲህ ሲሆን ሚዛኑ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው አይለዋወጥም፤ የመጀመሪያ ጥያቄውን አሳምሮ የሠራ ልጅ በቀጣዩም በጎ ግምት አያገኝም። ስሙ ያለበትን ጫፍ ማጠፍም ይጠቅማል። የጎበዝ ተማሪ ስም ያየች ዓይን ግማሽ መልስን ሙሉ አድርጋ ታነባለች።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ «ተከታታይ ምዘና» በየስብሰባው የምንሰማው ቃል ሆኗል። ሐሳቡ ትክክል ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆች ሳይደግሙ እንዲያልፉ ሲደረግም፣ መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ ክፍተታቸውን ይሞላል ተብሎ ነበር። ወደ ክፍል ሲወርድ ግን ምዘናው ቀርቶ ማርክ መሰብሰቡ ቀጠለ። ቴስት አንድ፣ ቴስት ሁለት፣ አሳይንመንት፣ የቡድን ሥራ፣ የደብተር ማርክ፣ ሁሉም እየተደመረ 100 ይሞላል። ቴስት አንድ ላይ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ እስከ ፋይናል ድረስ ክፍልፋይ አይገባውም፤ በመካከሉ ተመልሶ ያስተማረው የለምና። የሮስተር ጊዜ ሲደርስ ደግሞ 42 ያለው ልጅ በደብተር ማርክ ተደግፎ 50 ይገባል። የወደቀ ተማሪ የበዛበት መምህር ለዳይሬክተሩ ምክንያት መጻፍ ስላለበት፣ ሁሉም ሰላም የሚያገኝበትን መንገድ ይመርጣል። ልጁ ግን ያልቻለውን እንደያዘ ወደ ላይ ይወጣል።

ሒሳቡ የተከፈለው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ተደርጎ ኩረጃ በጠበበበት በመጀመሪያው ዙር፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዙር 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ብዙ ሰው ስለ ፈተናው ክብደት፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ተዘጉት ትምህርት ቤቶች ተከራክሯል፤ ሁሉም ድርሻ አላቸው። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች ከክፍል ክፍል ሲዘዋወሩ በእያንዳንዱ ዓመት ካርድ ተሰጥቷቸዋል፤ ካርዱ ላይ ደግሞ «አልፏል» ተብሎ ተጽፏል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ መምህራን እየመዘንን፣ የሚጎድላቸውን እንዲያውቁ ያደረግናቸው በመጨረሻው ቀን ነው። ያን ያህል የዘገየ ዜና ለማንም አይጠቅምም።

ደረጃ መስጠትም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነው። «ከ64 ተማሪ 17ኛ» የሚለው ጽሑፍ ለወላጅም ለልጅም ስለ ትምህርቱ አንድም ነገር አይነግርም። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው የእስራኤል ተማሪዎች ጥናት በዚህ ላይ ብዙ አስተምሮኛል። ለአንዳንዶቹ ልጆች ማርክ ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ አስተያየት ብቻ፣ ለቀሩት ማርክና አስተያየት አንድ ላይ ተሰጣቸው። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ማርክና አስተያየት አብረው የደረሷቸው ማርክ ብቻ ካገኙት አልተሻሉም። መምህር ሁሉ በክፍሉ ሊያየው ይችላል፤ ወረቀት ሲመለስ ልጁ መጀመሪያ ቁጥሩን ያያል፣ ከዚያ የጓደኛውን ቁጥር ያያል፣ የጻፍንለት አስተያየት ሳይነበብ ወረቀቱ ይታጠፋል። እኔ አሁን የመጀመሪያውን ቴስት ስመልስ ማርኩን በራሴ መዝገብ ይዤ፣ ወረቀቱ ላይ «3ኛውን መሥመር ከ2ኛው ጋር አስተያይ» የመሰለ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እጽፋለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፤ «ማርካችን የታለ?» ይላሉ። አርመው ሲያመጡ ቁጥሩን ይሰሙታል።

የቡድን ሥራ ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ልጅ ሠርቶ አምስት ስም የሚጻፍበት ወረቀት ምዘና አይባልም። ከቡድኑ አንዱን በዕጣ ጠርቶ ሥራውን ሰሌዳ ላይ እንዲያስረዳ ማድረግ ግን አምስቱንም ከማታው ጀምሮ ሲያስጠናቸው አይቻለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ቴስት፣ ማርኩን ማርክ ሊስት ላይ ከማስፈራችሁ በፊት፣ ክፍሉ በብዛት የሳተውን አንድ ጥያቄ ምረጡ። ልጆቹ የትኛውን የተሳሳተ መልስ እንደሰጡ ቁጠሩ፤ ሁለት ሦስቱን ጠርታችሁ «እንዴት አገኘኸው?» «እንዴት አገኘሽው?» በሏቸው፤ በማግስቱ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለእሱ ስጡ። ዳይሬክተሮች ደግሞ የወደቀ ተማሪ ቁጥር ይዛችሁ መምህሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ለዚህ የሚሆን ጊዜ ስጡት። ወላጆችም ካርድ ልትወስዱ ስትመጡ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ «ገና ያልቻለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁን። መልሱን ልንነግራችሁ ግዴታ አለብን።