«ኦሮማይ» እና የአያቴ ፎቶግራፍ

ሂሴን ከመጀመሬ በፊት ለአንባቢ የምናዘዘው ነገር አለኝ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንደ ማንኛውም ልብ ወለድ ማንበብ አልችልም። ወንድ አያቴ በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ ናቅፋ ግንባር የወደቁ ተራ ወታደር ነበሩ። አስከሬናቸው አልመጣም፤ የሞቱበት ቀንም አይታወቅም። ሴት አያቴ ተዝካሩን ያወጡት መርዶ ከሰሙበት ቀን ቆጥረው ነው።

በቤታችን ስለ እሳቸው የሚባለው «ለአገራቸው ሞቱ» ብቻ ነው። ፎቶግራፋቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ አልፎ የጠየቀ ሙት ወቃሽ ይባላል።

በዓሉ ግን ጠየቀ። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሆኖ በዘመቻው ተካፍሎ ነበርና ያየውን ይዞ ጻፈ። በ1975 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። በድል ዲስኩር የተጀመረው ዘመቻ ናቅፋን ሳይዝ መቅረቱን፣ በዚያም መካከል የሰው ሕይወት እንዴት እንደ ረከሰ በአደባባይ መጻፍ በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም።

እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ውሎው በአብዛኛው ከሹማምንትና ከመኮንኖች ጋር ነው። ለፊያሜታ በስሟ ያለቅስላታል፤ ተራው ወታደር ግን ብዙውን ጊዜ በጅምላ ያልፋል። አያቴን ፍለጋ ገጾቹን ስገልጥ ብዙ ሠራዊት አገኘሁ፤ የሳቸውን የመሰለ አንድ ፊት ግን አጣሁ። እንደ ሃያሲ ይህን ጉድለት እቆጥርበታለሁ።

ቢሆንም ባለውለታዬ ነው። ሟችን ለማክበር የሞተበትን ጦርነት ማጽደቅ እንደማያስፈልግ ያስተማረኝ እሱ ነው። ኤርትራውያን በየዓመቱ ሰኔ 13 ቀን ሰማዕታታቸውን ያስባሉ፤ በወዲያኛው ምሽግም የወደቀ የሰው አያት አለ። ይህን ማመን የአያቴን ክብር አይቀንስም።

ሴት አያቴ ማንበብ አይችሉም። ባለፈው ክረምት ስለ ናቅፋ ውጊያ የሚተርኩትን ገጾች አነበብኩላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እንዲህ ያለ ቦታ ኖሯል?» አሉና ወደ ፎቶግራፉ ዞሩ። ከዚያም፣ «እስቲ ድገመው» አሉኝ።