«አለ» እና «አሉ» በአትሮንሱ ላይ

ስለ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በተጻፈ ቁጥር የሚነሣው የትርጉሙ ነገር ነው። የ1954 ዓ.ም.ቱ ይሻላል፣ የለም የ1980ው ይቀላል፣ የለም የ1993ቱ «አዲሱ መደበኛ ትርጉም» ለዘመኑ ጆሮ ይስማማል እየተባባልን ስንከራከር ኖረናል። ክርክሩ ደግ ነው። ዳሩ ግን መጽሐፉን ይዞ ሕዝብ ፊት የሚቆመው ሰው ሌላም ጭንቀት አለበት። ፊደሉ ይታየዋልን? ገጹ ተዘርግቶ ይቆይለታልን? ይህን ጥያቄ እኛ ሐያስያን የጠራዥና የነጋዴ ጉዳይ ነው ብለን ንቀን ትተነዋል። እኔም ከናቁት አንዱ ነበርሁ።

ጥፋቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት ለሰባኪው አጎቴ ስጦታ ብዬ የገዛሁላቸው ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ፣ ባለዚፕ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የመረጥሁት ስላማረኝ ነው። እሳቸውም እኔን ደስ ይበለው ብለው ትልቁንና አሮጌውን ቤት ትተው በእኔው መስበክ ጀመሩ። አንድ እሑድ «አለ» የሚለውን «አሉ» ብለው አነበቡ። የተናገረው አንድ ሲሆን ምእመናኑ የሰሙት ብዙ ሆነ። ከፊት የተቀመጡ ወጣቶች ተያዩ። አጎቴ ስብከታቸውን አሳጥረው ወረዱ፤ ከዚያም ወዲህ ንባቡን ለሌላ ሰው ይሰጡ ጀመር። ሰው ሁሉ ዓይናቸው ደከመ አለ። እኔ ግን ስጦታዬን ገልጬ ሳየው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ።

ነገሩ የፊደላችን ጠባይ ነው። «ለ» እና «ሉ» የሚለዩት ከጎን በምትቀጠል አንዲት ጭረት ነው፤ ያችው ጭረት ወደ እግሩ ዝቅ ካለች «ሊ» ይሆናል። ፊደሉ ሲያንስ ጭረቷ ትጠፋለች። ወረቀቱ ሲሳሳ ደግሞ ከጀርባው ገጽ የሚያሳልፈው ቀለም የሌለ ጭረት ይጨምራል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። ቆሞ ለሚነበበው ወንጌል ፊደሉን አጉልተው፣ ኅዳጉን አስፍተው ጻፉ፤ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ለዩ፤ ጥራዙን በክር ሰፍተው በእንጨት ገበታ አጸኑት። ለመሸከም ይከብዳል፤ አትሮንሱ ላይ ግን ያርፋል።

እንግዲህ ለሰባኪ የሚገዛ ሰው ቆዳውን ከመደባበስ በፊት ሦስት ነገር ይፈትን። መጀመሪያ ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ፣ ቀጥሎ ራእይ ምዕራፍ 22 ላይ ከፍቶ እጁን ያንሣ። መካከሉ መዝሙረ ዳዊት ላይ ማንኛውም መጽሐፍ ይዘረጋል፤ ፈተናው ዳርና ዳሩ ነው። በሙጫ ብቻ የተያያዘው ወይ ይዘጋል ወይ ወገቡ ይሰበራል፤ በክር የተሰፋው ይታዘዛል። ሁለተኛ፣ አትሮንሱ የሚርቀውን ያህል አርቆ፣ በደብዛዛ ብርሃን ያንብበው። ሦስተኛ ኅዳጉን ይመልከት። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ «አለ» ተናገረ ይሁን ወይስ ይገኛል፣ ፊደሉ የቱንም ያህል ቢጎላ አይነግረንም። ሰባኪው አስቀድሞ አንብቦ በእርሳስ ምልክት የሚያኖርበት ስፍራ ይሻል።

ትርጉሙንስ? ምእመኑ በእጁ ከያዘው ጋር የሚስማማውን እላለሁ፤ ሰባኪው ሌላ፣ ተከታዩ ሌላ ሲያነቡ ጆሮና ዓይን ይጣላሉ። ለኦርቶዶክሳዊ ሰባኪ ደግሞ ሰማንያ አሐዱውን የያዘ መሆን አለበት። ስልክ ይበቃል የሚሉም አሉ። ፊደሉን እንደልብ ማጉላቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የስልክ ገጽ ቋሚ ስፍራ የለውም። የሰባኪ ዓይን ጥቅስን በቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በቦታው ያውቃል፤ በግራ ገጽ፣ ከታች፣ የቡና ጠብታ ካረፈችበት አጠገብ።

ይህን የተማርሁት ዘግይቼ ነው። ለአጎቴ ሌላ አዲስ ልገዛ ተነሥቼ ነበር፤ ኋላ ግን አሮጌውን ወደ ጠራዥ ወሰድሁት። የላላው ስፌት እንደገና ተሰፋ፣ ጀርባው ጨርቅ ለበሰ። መልኩ አያምርም። ባለፈው እሑድ ግን ንባቡን ለማንም አልሰጡም።