ግድግዳው ሲመሰክር

ቀድሞ የተነሣን ፎቶግራፍ በፕሮጀክተር አማካይነት በሌላ ገጽ ላይ ጥሎ፣ ገጹንና ምስሉን በአንድነት እንደገና ማንሣት በፈጠራ ፎቶግራፍ ዘንድ የታወቀ ስልት ነው። ስልቱ ለሠሪው ብዙ አያስቸግርም፤ ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ቅጠልን በሰው ፊት፣ ደመናን በግድግዳ ላይ ማሳረፍ ለጊዜው ዓይን ይማርካል። ይሁን እንጂ ምስሉ ስለ ምን በዚያ ገጽ ላይ እንዳረፈ የሚጠይቅ ተመልካች መልስ ካላገኘ፣ ሥራው ከጌጥነት አያልፍም።

ለዚህ ጥያቄ ብቁ መልስ ከሰጡት ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊው አርቲስት ሺሞን አቲ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በበርሊን ያከናወነው ነው። «የግድግዳው ጽሕፈት» የተሰኘው ርእሱ፣ በትንቢተ ዳንኤል በንጉሥ ብልጣሶር ግብዣ ላይ የታየውን የፍርድ ቃል ያስታውሳል። ቦታው ሾይነንፊርተል የተባለው ሠፈር ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ ድኻ አይሁዶች በብዛት ይኖሩበት ነበር። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ነዋሪዎቹ ከፊሉ ተሰደደ፤ ብዙው ተግዞ ተገደለ። ከጦርነቱ በኋላ ሠፈሩ በምሥራቅ በርሊን ክልል ሲቀር፣ ብዙዎቹ ቤቶች ሳይታደሱ ዘመናት አለፉባቸው።

አቲ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሠፈሩ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከየመዛግብቱ ፈልጎ ስላይድ አደረጋቸው፤ ሌሊት በቤቶቹ ግድግዳ ላይ እያሳረፈም አነሣቸው። ከሥራዎቹ በአንዱ፣ በአልምሽታት ጎዳና ቁጥር 43 ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 የነበረ የዕብራይስጥ መጻሕፍት መደብር ይታያል። በዚያን ጊዜ አድራሻው ግሬናዲር ጎዳና ቁጥር 7 ነበር። ሰዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የጎዳናው ስም እንኳ አልቀረም።

የሥራው ቅርፅና ይዘት የሚገናኙት በብርሃኑ ጠባይ ነው። ፕሮጀክተር ብርሃንን ይጨምራል እንጂ ጨለማን መጣል አይችልም። በመሆኑም በግድግዳው ላይ የሰው ጥቁር ካፖርት ሆኖ የሚታየው፣ ብርሃን ያልደረሰበት የግድግዳው የራሱ ገጽ ነው። የተላላጠው ልስንና ስንጥቁ የሰውየው አካል ይሆናሉ። ሁለት ፎቶግራፎችን በጨለማ ክፍል ውስጥ አዳብሎ ማተም ይህን ሊያስገኝ አይችልም፤ እዚህ ብርሃኑ በእርግጥ ከቤቱ ላይ አርፏልና። ደግሞም የፕሮጀክተር ርቀት እጥፍ ሲሆን በግድግዳው ላይ የሚያርፈው የብርሃን ኃይል ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ፎቶግራፉ ረጅም ጊዜ ክፍት የሚቆይ ሌንስ ይሻል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በጎዳናው የሚያልፍ ሕያው ሰው ደብዝዞ ይጠፋል፤ ከዚያ ሠፈር የጠፋው ሰው ግን ረግቶ ይቆማል። ስልቱ ሐሳቡን ተሸከመ ማለት ይህ ነው።

ምስሎቹ ለአላፊ አግዳሚው በይፋ መታየታቸውም የሥራው አካል ነው። አቲ እንደተረከው፣ አንድ የሠፈሩ ነዋሪ ምስሉን ባየ ጊዜ ከቤቱ ወጥቶ፣ አባቱ ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1938 ከአይሁዳዊው ባለቤት በሕጋዊ መንገድ የገዛ መሆኑን እየጮኸ ተናግሯል። ስለ ቤቱ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጥያቄውን ያቀረበው ግድግዳው ነበር።

ሥራው እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ምስሎቹ ሁሉ በትክክለኛው አድራሻ ላይ አላረፉም። አንዳንዱ ቤት ፈርሷል፤ አንዳንዱም ግድግዳ ለብርሃን አልተመቸም፤ አቲም በአቅራቢያው ወዳለ ሌላ ቤት ወስዶ አሳርፏቸዋል። ይህንንም ራሱ አልሸሸገም። ለውበት ሲባል ቦታን መቀየር ለሠዓሊ የተፈቀደ ነው። «በዚህ ደጃፍ እነዚህ ነበሩ» ለሚል ሥራ ግን አድራሻ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግድግዳው ለሌላው ግድግዳ ሲመሰክር የቃሉ ክብደት ይቀንሳል። የምስክርነቱ ክብር የሚጠበቀው ልዩነቱ ለተመልካች በግልጽ ሲነገር ብቻ ነው።

ብርሃኑ ከጥቂት ምሽቶች በኋላ ጠፍቷል፤ ሠፈሩም ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ታድሷል። የቀሩት ፎቶግራፎቹ ናቸው። በዚህ ስልት ለመሥራት የሚነሣ ፎቶግራፍ አንሺም ከአቲ የሚማረው ግልጽ ነው፤ የሚጥለውን ምስል ከመምረጡ በፊት፣ ምስሉን የሚቀበለው ገጽ የሚናገረው ነገር እንዳለው ይመርምር።